«ዝም ብሎ ወረቀት ነው፣ ፈርሚልኝ»፦ ስለ አፊዳቪት የጠየቃችሁኝ

ውድ አንባቢዎች፣ በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ቃል ላይ ነው የሚዞሩት፣ አፊዳቪት። አንዱ ፈርም ተብሎ ግራ የገባው ነው፣ አንዷ አስፈርሚ ተብላ ማንን እንደምትይዝ ያጣች ናት፣ ሌላው ደግሞ ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ ምን እንደፈረመ የሚጠይቅ ነው፣ እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው። ስለዚህ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ለሚቀጥለው እትም አሳድሬ ዛሬ እዚሁ ላይ እንቆይ። እንደምታውቁት ጠበቃ አይደለሁም፣ እዚህ አሜሪካ በፍርድ ቤትና በጠበቃ ቢሮ ለሀበሻ እያስተረጎምኩ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። የቃሉን ትርጉምና ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ የራሳችሁን ኬዝ ግን ጠበቃ ይየው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ። የአጎቴ ልጅ ለኢሚግሬሽን ጉዳዬ አንድ አፊዳቪት ፈርሚልኝ አለችኝ፣ ምንድን ነው እሱ ስላት «ኧረ ዝም ብሎ ወረቀት ነው፣ አውቃታለሁ ብለሽ ነው» አለችኝ። ዲክሽነሪ ላይ ሳየው ደግሞ ቃለ መሃላ ይላል። ወረቀት ነው መሃላ? — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ የኔ እህት፣ ወረቀት ላይ ያለ መሃላ ነው፣ ዲክሽነሪው ልክ ነው የአጎትሽ ልጅ ግን ትልቁን ነገር ትታዋለች።

ቃሉ እንግሊዝኛ ይምሰል እንጂ የመጣው ከመካከለኛው ዘመን ላቲን ነው፣ ውስጡ ያለው ሥር ፊደስ የሚለው ሲሆን እምነት ማለት ነው። የሚገርመው አፊዳቪት በላቲኑ የዕቃ ወይም የወረቀት ስም አልነበረም፣ ሙሉ ግስ ነው፣ «በእምነቱ ቃል ሰጠ» ወይም «ማለ» እንደማለት። በአማርኛ አንድ ቃል ፈልጊለት ብትይኝ «ምሏል» ነው የምልሽ። አየሽ በኛም ቋንቋ ምሏል ስንል ማን እንደማለ ቃሉ ውስጥ አለ፣ ሰውየው ከግሱ አይወጣም። እንግሊዝኛው ግን ግሱን ወስዶ የሰነድ ስም አደረገውና ሰው ሁሉ ወረቀቱን ብቻ ማየት ጀመረ፣ የማለው ሰው ተረሳ። ስለዚህ ልጅቷ «አፊዳቪት ፈርሚልኝ» ስትልሽ በቀጥተኛ አማርኛ «ማይልኝ» ነው ያለችሽ።

እኛ ሀገር ደግሞ መሃላ አዲስ ነገር አይደለም። ማርያምን ሳንል ሽንኩርት አንገዛም፣ እናቴ ትሙት ይባላል፣ ወላጆቻችን ደግሞ ኃይለ ሥላሴ ይሙት እያሉ ነው ያደጉት። የእለት ወሬ መሃላና የአፊዳቪት መሃላ ልዩነቱ ግን ይሄ ነው፣ አፊዳቪት ላይ የምትናገሪው ራስሽ ያየሽውን የሰማሽውን ነው፣ የምትምይው በሕግ መሃላ ለማስማል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ነው፣ ከዚያ ቀኑና ቦታው ተጽፎ ትፈርሚበታለሽ፣ እያወቅሽ ውሸት ከጻፍሽበት ደግሞ ፐርጁሪ የሚባል ወንጀል ነው፣ በፌዴራሉ ሕግ እስከ 5 ዓመት እስር ያለበት። ሀገር ቤት ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል፣ ማመልከቻው በቃለ መሃላ ተደግፎ ነው የሚገባው ይባላል፣ መንፈሱ ያው ነው።

ወረቀቱን ስታይው አናቱ ላይ ስቴቱና ካውንቲው ይጻፋል፣ መሃላው የተፈጸመበት ቦታ ማለት ነው እንጂ የምትኖሪበት አይደለም። ከዚያ ስምሽ፣ አድራሻሽ፣ ከዚያ የምትመሰክሪው ነገር ብዙ ጊዜ በቁጥር በቁጥር ተከፋፍሎ። መጨረሻ ላይ ፊርማሽ፣ ከሱ በታች ደግሞ የኖተሪው፣ ማለትም መታወቂያ አይቶ የሚያስምልሽና ማህተም የሚመታው ሰው፣ ቃል አለ «በፊቴ ምሎ ፈርሟል» የሚል፣ ያንን ጁራት ይሉታል። ዋናው ቁም ነገር መሀል ላይ ያለው ነው፣ እሱን አንብቢው። የማታውቂው ነገር ካለበት ለምሳሌ ልጅቷን የምታውቂያት ከ2019 ጀምሮ ሆኖ «ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ» የሚል ከሆነ አስተካክይ ብለሽ መልሽላት። ዘመድ ነች ይሉኝታ ይይዛል አውቃለሁ፣ ግን ነገ ኢሚግሬሽን ሁለታችሁን ለየብቻ ቢጠይቃችሁ የምትጎጂው አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ የሷም ኬዝ ነው የሚበላሸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ወንድሜ ሚስቱን ከባህር ዳር እያመጣት ነው፣ የሱ ገቢ ስላልበቃ ጆይንት ስፖንሰር ሁነኝ አለኝ። እኔ ዜጋ ነኝ፣ ባለትዳር ነኝ አንድ ልጅ አለን። አፊዳቪት ኦፍ ሰፖርት የሚባለውን ነው የምፈርመው። ጓደኞቼ ሁለት ዓመት ነው ይላሉ፣ አንዱ ደግሞ ግሪን ካርዷ ሲመጣ ያልቃል አለኝ። ስንት ዓመት ነው የሚይዘኝ? ከተፋቱስ? — ከሲያትል

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ሁለቱም ተሳስተዋል፣ እና ይሄ ስህተት በጣም የተለመደ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

ይሄ የምትፈርመው ፎርም፣ አይ-864 የሚባለው፣ ስሙ አፊዳቪት ይሁን እንጂ ሥራው ከመሃላ ያለፈ ነው፣ ውል ነው። አንተና የአሜሪካ መንግሥት የምትዋዋሉት፣ የምትመጣዋም ሴትዮ ራሷ ልታስፈጽመው የምትችለው ውል። ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ ድሮ ሰው ለዘመዱ ሲፈርም ፍርድ ቤቶች እንደ ሞራል ግዴታ ነበር የሚያዩት፣ አላበላህም ብሎ የሚከስህ የለም። በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው ይሄንን የለወጠው፣ ከ1997 ዲሴምበር ጀምሮ ያለው አዲሱ ፎርም አስገዳጅ ሆነ። ቃሉ ያው አፊዳቪት ተብሎ ስለቀረ ግን ሰዉ የድሮውን እያሰበ አዲሱን ይፈርማል።

የምትፈርመው እንዲህ ነው፣ ይህች ሰው ገቢዋ ከድህነት መስመሩ 125 ከመቶ በታች እንዳይወርድ እደግፋታለሁ ብለህ ነው። መስመሩን መንግሥት በየዓመቱ ያወጣል። በአንተ ቤት አንተ፣ ባለቤትህ፣ ልጅህ፣ ሲደመር የወንድምህ ሚስት አራት ናችሁ፣ በ2025 ቁጥር ለአራት ሰው 40,187 ዶላር ነበር በዓመት መታየት ያለበት። ጆይንት ስፖንሰር ስለሆንክ ይሄንን ብቻህን መሙላት አለብህ እንጂ ከወንድምህ ደሞዝ ጋር ደምረህ አይሆንም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የባለቤትህን ገቢ መጨመር ከፈለግክ ግን አብራችሁ ስለምትኖሩ ይቻላል፣ እሷ ደግሞ አይ-864ኤ የሚባለውን ለብቻ ትፈርማለች፣ እሷም ትገባበታለች ማለት ነው፣ ንገራት።

መቼ ያልቃል ላልከኝ፣ እሷ ዜጋ ስትሆን ያልቃል። ወይም 40 ኳርተር የሥራ ክሬዲት ሲቆጠርላት፣ በዓመት አራት ነው ቢበዛ የሚገኘው፣ ስለዚህ ወደ አሥር ዓመት ሥራ ማለት ነው። ወይም ነዋሪነቷን ትታ ከአሜሪካ ለቃ ስትሄድ፣ ወይም ከሁለታችሁ አንዳችሁ ስትሞቱ። ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ግሪን ካርዷ ሲመጣ ያልቃል የተባልከውማ ተገላቢጦሽ ነው፣ ግዴታው የሚጀምረው ያኔ ነው። ፍቺ ደግሞ አያስቀረውም። ቺካጎ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2012 የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ፣ ከተፋቱ በኋላ ባልየው ሥራ ፈልጋ ራሷን መቻል ነበረባት ብሎ ተከራከረ፣ ዳኞቹ ሥራ አለመፈለጓ አንተን ከፈረምከው ነፃ አያወጣህም አሉት። እዚያ ላይ ደግሞ ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬይድ የመሰለ በገቢ የሚሰጥ እርዳታ ብትወስድ የሰጣት መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከስፖንሰሩ መጠየቅ ይችላል። ቤት ከቀየርክ በ30 ቀን ውስጥ አይ-865 ሞልተህ ማሳወቅ አለብህ፣ ካላሳወቅክ ቅጣት አለው፣ ይሄንን የሚያደርግ ሀበሻ ግን እስከዛሬ ብዙም አላየሁም።

አሁን ፈራህ አይደል። ላስፈራህ ብዬ አይደለም፣ እኔ ራሴ የእህቴ ልጅ ባሏን ስታመጣ ጆይንት ስፖንሰር ሆኜ ፈርሜያለሁ፣ ዛሬም ቢሆን እፈርማለሁ፣ ምክንያቱም ልጅቷን አውቃታለሁ፣ ልጁም ከመጣ በኋላ በሁለት ወሩ ሥራ ገባ። ቤተሰብ የሚገናኘው እንዲህ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ስመጣ አንድ ሰው ነው የቆመልኝ። የምልህ ግን እያወቅክ ፈርም ነው። ወንድምህን ቁጭ አድርገው፣ ሚስቱ ስትመጣ ማን ጋ ነው የምትኖረው፣ ቋንቋ ትማራለች ወይ፣ እሱ ሥራ ቢያጣ ምን ያደርጋሉ፣ ይሄን ተነጋገሩ፣ ከባለቤትህም ጋር ተነጋገሩ፣ ከዚያ ልብህ ካረፈ ፈርምለት። ካላረፈ ደግሞ እምቢ ማለት ነውር አይደለም፣ በኋላ ከመቀያየም አሁን መነጋገር ይሻላል።

በነገራችን ላይ በዲቪ የሚመጣ ሰው አይ-864 አይጠየቅም፣ ለዲቪ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው አይ-134 ነው፣ እሱ እንዲህ ያለ ረጅም ግዴታ የለውም። አይ-134 ድሮ አፊዳቪት ነበር ስሙ፣ አሁን ዲክላሬሽን ብለውታል። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚያወራ ሰው ስላለ ነው ጓደኞችህ የተምታታባቸው መሰለኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኖተራይዝ የተደረገ አፊዳቪት ማለት መንግሥት እውነት መሆኑን አረጋገጠ ማለት ነው አይደል? አንድ ሰው ኖተራይዝ ያስደረገው ወረቀት አለኝ ብሎ እየተከራከረኝ ነው። — ከዳላስ

መልስ፦ አይደለም። ኖተሪው ያረጋገጠው የፈረመው ሰው ማን እንደሆነ ነው፣ የተጻፈውን አይደለም።

ኖተሪ መታወቂያህን ያያል፣ በአካል ፊቱ መቅረብህን ያያል (አንዳንድ ስቴት አሁን በቪዲዮም ይፈቅዳል፣ ቨርጂኒያ ናት ቀድማ የጀመረችው)፣ አፊዳቪት ከሆነ ያስምልሃል፣ ፊቱ ላይ ትፈርማለህ፣ ማህተሙን ይመታል። ውስጡ ያለውን ሊያነበው እንኳን አይገደድም። አንድ ሰው ጨረቃ ላይ ነው የተወለድኩት ብሎ ምሎ ቢፈርም ማህተሙ ጨረቃ ላይ መወለዱን አያረጋግጥም፣ እሱ መማሉን ብቻ ነው። ሀገር ቤት ውልና ማስረጃ ሄደን መዝገብ አገላብጠው ማህተም መትተው ሲሰጡን ስለለመድን ነው እዚህም ማህተም ስናይ የምንደነግጠው። ክርክራችሁ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፣ የማለው ሰው ቀርቦ መስቀለኛ ጥያቄ እንዲመልስ ሊፈለግ ይችላል፣ ወረቀት ጥያቄ አይመልስማ።

ሌላም ልጨምርልህ፣ ኖተሪ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አክኖውሌጅመንት ነው፣ ይሄ ፊርማ የኔ ነው ብለህ የምታምንበት ብቻ፣ ውክልና ላይ ለምሳሌ። ሁለተኛው ያ ጁራት ያልኳችሁ ነው፣ የምትምልበት። አፊዳቪት የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፣ ስለዚህ ቤት ፈርመህ አትሂድ፣ አንድ ጊዜ አንድ አባት ይዤ ሄጄ ቤታቸው ፈርመው ስለመጡ እንደገና ሌላ ኮፒ አትመን በበረዶ ተመልሰናል። ኖተሪ ባንክህ ጋ ጠይቅ፣ ብዙዎቹ ለደንበኛ ገንዘብ አያስከፍሉም።

እና እባካችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ ኖተሪ ማለት ጠበቃ ማለት አይደለም። በራፉ ላይ ኖተሪ ብሎ ለጥፎ የጥገኝነት ኬዝ የሚጽፍ ሰው ጋ ሄዳችሁ ሕይወታችሁን አትስጡ። እንዲህ ዓይነት ሰው ጋ የተጻፈላት አንዲት እህት በኢንተርቪው ቀን አብሬያት ነበርኩ፣ ወረቀቷ ላይ ያለው ታሪክ የሌላ ሰው ነበር፣ ስሟ ብቻ ነው የሷ። እንግሊዝኛ ስለማታነብ አልነገሩኝም አለች፣ ኦፊሰሩ ደግሞ ያየው ፊርማዋን ነው። ያን ቀን ያለቀሰችውን ልቅሶ እስካሁን አልረሳሁትም። በማታነቡት ቋንቋ የተጻፈ ነገር በአማርኛ ተነቦላችሁ እስክትጨርሱ ድረስ እስክሪብቶ አትያዙ፣ የሚያጣድፋችሁ ሰው ካለ ደግሞ ተነሱና ውጡ።

ደግሞ ሁሉም ነገር ኖተራይዝ አይደረግም። ከ1976 ጀምሮ የፌዴራል ሕጉ በመሃላ ፈንታ «በፐርጁሪ ቅጣት ሥር ሆኜ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል ቃል ጽፎ ቀን ጽፎ መፈረምን በብዙ ጉዳይ ይቀበላል። አይ-864ም ራሱ እንዲህ ነው የሚፈረመው፣ ኖተሪ አያስፈልገውም፣ ሰው ግን አፊዳቪት የሚለውን ስም አይቶ ሲሰለፍ አያለሁ። ቅጣቱ ግን ያው ነው፣ ማህተም የለውም ተብሎ ውሸት አይጻፍበትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የተወለድኩት ጎንደር ገጠሩ ውስጥ ነው፣ የልደት ሰርተፍኬቴ የወጣው ግን በቅርቡ ነው። እናቴን ላመጣ አመልክቼ ተጨማሪ ማስረጃ አምጪ አሉኝ፣ ከሁለት ሰው አፊዳቪት ይሆናል ተባልኩ። ማንን ላጽፍ? እናቴ እራሷ ብትጽፍስ? እንዴት ነው የሚጻፈው? — ከሚኒሶታ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም በደንብ ከተጻፈ ያምራል፣ እውነተኛ ታሪክ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የልደት ምዝገባ በሀገር ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው፣ አዋጁ 760/2004 ነው። ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደ ሰው ሰርተፍኬቱ ዘግይቶ መውጣቱ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ግን ዘግይቶ የወጣ ስለሆነ ተጨማሪ ይጠይቃሉ። የኢሚግሬሽን ደንቡ ቅደም ተከተል አለው፣ ዋናው ሰነድ ከሌለ የቤተክርስቲያን ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ፣ እሱም ከሌለ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አፊዳቪት። ስለዚህ መጀመሪያ የክርስትና ካርድና የትምህርት ቤት ሰነድ ካለሽ ፈልጊ። አፊዳቪቱን የሚጽፉት ደግሞ የማመልከቻው ባለጉዳይ ያልሆኑና ነገሩን በቀጥታ የሚያውቁ መሆን አለባቸው። እናትሽ ባለጉዳይ ናት፣ አንቺም ነሽ፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ነው የሚያስፈልግሽ። አክስት፣ ጎረቤት፣ ያዋለደች ሴት፣ የክርስትና እናትሽ በሕይወት ካሉ እሳቸውን የሚያህል የለም።

አጻጻፉ ላይ ነው ሰው የሚሸነፈው። «እገሊት የእገሊት ልጅ መሆኗን አውቃለሁ» ብሎ አንድ መስመር ይጽፋሉ። ይሄ ምንም አይነግራቸውም፣ እንዴት አወቅሽ ነው ጥያቄው። ጎረቤትሽ ሲጽፉ ስማቸውን፣ አድራሻቸውን፣ መቼና የት እንደተወለዱ፣ ካንቺ ጋር ያላቸውን ዝምድና ይጻፉ፣ ከዚያ የሚያስታውሱትን፣ ለምሳሌ እንዲህ፦ «እናቷ ስታምጥ የተጠራሁት እኔ ነኝ። 1978 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነበር፣ ሰዉ ታቦት አጅቦ ወንዝ ወርዶ ስለነበር ቤት የቀረነው ሁለት ሴቶች ብቻ ነበርን። ውሃ ያፈላሁት፣ ልጅቷን በነጠላዬ ተቀብዬ የጠቀለልኳት እኔ ነኝ። ክርስትና ስትነሳም ነበርኩ።» እንዲህ ብለው የጻፉ ሴትዮ እዚያ ነበሩ። በማያውቁት ነገር ላይ ደግሞ «አላስታውስም» ይበሉ፣ ሰዓቱን አላስታውስም ማለት ጉዳት የለውም፣ ሁለቱ ሰዎች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ጽፈው ሲመጡ ነው የሚጠረጠረው።

በአማርኛ ይጻፉት። የሚናገሩትን ቋንቋ ትቶ በማያውቁት እንግሊዝኛ ማስፈረም ምን ይጠቅማል? ከዚያ ይተረጎምና ተርጓሚው ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ ሁለቱንም ቋንቋ መቻሉን ጽፎ ይፈርምበታል፣ የተርጓሚው ፊርማ ኖተሪ አያስፈልገውም። የአሜሪካ ኖተሪ የግድ ያስፈልጋል ከተባልሽ አዲስ አበባ ኤምባሲው ይሠራል፣ ለአንድ ማህተም 50 ዶላር ነው፣ ግን አንዲት አሮጊት ከጎንደር አዲስ አበባ ከማንገላታትሽ በፊት ያ የ1976ቱ ዓይነት ቃል ላንቺ ጉዳይ ይበቃ እንደሆነ ጠበቃ ጠይቂ። ከአሜሪካ ውጭ የሚፈረም ከሆነ «በአሜሪካ ሕግ መሠረት» የሚለው ቃል ውስጡ መኖር አለበት፣ እሱ ከተረሳ ዋጋ የለውም።

አሁን ደግሞ ቀኑ። እባክሽ ቀኑን ሁለቴ ሦስቴ ቁጠሪው፣ የኛን ሰው ኬዝ እንደ ካሌንደር ያበላሸ ነገር አላየሁም። በአብዛኛው ዓመት ከመስከረም አንድ እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ሰባት ዓመት ነው የሚጨመረው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት። መጋቢት 5 ቀን 1978 የሚለው ማርች 14 ቀን 1986 ነው። አንዱ ተርጓሚ መጋቢት ሰባተኛ ወር ነው ብሎ ጁላይ 5 ብሎ ጽፎ ሰውየው ፓስፖርቱ ላይ ማርች፣ አፊዳቪቱ ላይ ጁላይ ሆኖበት ወራት ተጉላልቷል፣ መስካሪዋ ግን ትክክለኛውን ነበር የተናገሩት። ስለዚህ የኢትዮጵያውን ቀን እንዳለ አስቀምጡት፣ ዓ.ም. ብላችሁ፣ የፈረንጁን ከጎኑ።

እግረ መንገዴን፣ ስምሽ በአንዱ ሰነድ ጸሐይ በእንግሊዝኛው መጨረሻው በአይ፣ ሌላው ላይ በዋይ ከተጻፈ፣ ወይም የእናትሽና ያንቺ የመጨረሻ ስም ለምን ተለያየ ካሉ፣ ለዚህም አፊዳቪት አለ፣ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው የሚል። እዚያ ላይ በኛ ባህል የአባት ስም ነው የሚከተለው፣ የቤተሰብ ስም የለንም የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ አክስቴ ቤት ነው የምንኖረው፣ የኪራይ ውል (ሊዝ) በስሜ የለም። ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ስሄድ አክስትሽ አፊዳቪት ትጻፍ አሉኝ። እሷ ደግሞ ቤቴን አስይዣለሁ እንዴ ብላ ፈራች። — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አታስይዝም። ቤቱ የሷ እንደሆነና አንቺና ልጅሽ እዚያ እንደምትኖሩ ነው የምትምለው፣ ከዚያ የመብራት ቢል ወይም የቤቱን ወረቀት ታያይዛለች። ብዙ የትምህርት ዲስትሪክቶች ይጠይቃሉ፣ አዲስ መጥቶ ዘመድ ጋ ለሚኖር ሰው የተለመደ ነገር ነው። ከቤቷ ከወጣችሁ ግን ለትምህርት ቤቱ ንገሪ። ጥሩ ትምህርት ቤት ስላለ ብሎ ያልኖሩበትን አድራሻ ማስማል ግን አይሆንም፣ አክስትሽን ነው የምታስጠይቂያት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴ ቆራቢ ናት፣ 71 ዓመቷ ነው። ለወንድሜ ጉዳይ አፊዳቪት እንድትጽፍ ጠበቃው ጠይቋል፣ መሃላ አለው ስንላት «ጌታ አትማሉ ብሏል፣ በስተርጅናዬ አልምልም» አለች። እውነቱን መናገር ግን ትፈልጋለች። ምን እናድርግ? — ከአትላንታ

መልስ፦ እናትሽን አታስጨንቁ፣ መፍትሄ አለው፣ የቆየ መፍትሄ ነው።

ማቴዎስ ወንጌል ላይ ያለውን ቃል ይዘው አንምልም ያሉ ክርስቲያኖች እንግሊዝ ሀገርም ነበሩ፣ ኩዌከር የሚባሉት፣ በዚህ የተነሳ ታስረዋል፣ በመጨረሻ በ1695 የወጣ ሕግ ሳይምሉ በማረጋገጫ ቃል ብቻ እንዲመሰክሩ ፈቀደላቸው፣ ያኔ በሁሉም ጉዳይ አይደለም ግን መንገዱ ተከፈተ። ያ ነገር አሜሪካም ገባ፣ የፌዴራል ሕጉ የመጀመሪያው ክፍል ላይ መሃላ የሚለው ቃል ማረጋገጫንም ይጨምራል ይላል። ስለዚህ እናትሽ አይ ስዌር በሚለው ፈንታ አይ አፈርም ትላለች፣ የእግዚአብሔር ስም አይጠራም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጅ አይጫንም። በሕግ ፊት ክብደቱ ከመሃላው ጋር አንድ ነው፣ ውሸት ቢሆንም ቅጣቱ አንድ ነው፣ ይሄንንም ንገሯት፣ ማወቅ አለባት።

ለጠበቃው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ወረቀቱ ላይ «ምያለሁ» የሚለውን አውጥቶ «አረጋግጣለሁ» ብሎ ይጽፈዋል፣ ኖተሪውም ስር ያለውን እንዲሁ ያስተካክላል፣ ምክንያትሽ ምንድን ነው ብሎ ሃይማኖቷን አይጠይቃትም። አንድ ጊዜ እኔም ለአንዲት እናት ሳስተረጉም ኖተሪዋ ቀኝ እጅሽን አንሺ ብላ ጀመረች፣ ሴትዮዋ ክው ብለው ወደኔ ዞሩ፣ መማል አይፈልጉም ብዬ ስነግራት ወዲያው ይቅርታ ጠይቃ በሌላው ቃል ቀጠለች። እኔም ቃሉን «የምናገረው እውነት መሆኑን በሙሉ ልቤ አረጋግጣለሁ» ብዬ ነበር የተረጎምኩት፣ እሳቸውም «አዎን» አሉ፣ ሁለት ጊዜ፣ ረጋ ብለው።

ከመሄዳችሁ በፊት መታወቂያዋ ጊዜው አለማለፉን፣ ስሟም ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ መሆኑን እዪ። መነጽሯንም አትርሱ፣ አማርኛውን ራሷ አንብባ ትጨርስ።